የጾም ገበታና የማረጥ ወላፈን፦ አንድ የአመጋገብ ጥናት ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲነበብ

መግቢያ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጀሞ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት የ51 ዓመት እናት ለምርመራ የመጡት በዓቢይ ጾም አጋማሽ ነበር። የወር አበባቸው ከቆመ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል። ሕመማቸውን ሲገልጹ፣ «ከደረቴ ይነሣና ሽቅብ እንደ እሳት ወላፈን ፊቴን ይመታኛል፤ ላብ ያጠምቀኛል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል» አሉ። ሌሊት ጋቢያቸውን ወርውረው መስኮት ይከፍታሉ፤ ጥቂት ቆይተው ያንኑ ጋቢ ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት በሄዱባቸው ሁለት የሕክምና ቤቶች የታይፎይድ መድኃኒት ታዝዞላቸው ሁለቱንም ጊዜ ጨርሰዋል። በሦስተኛው ግን ነገሩ ከማረጥ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተነግሯቸው አንዲት ወረቀት ተሰጠቻቸው። ወረቀቷ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት እንዲተዉ፣ ጥራጥሬና ጎመን እንዲያዘወትሩ ትመክራለች፤ ይህን ቢያደርጉ ሙቀቱ ከሰማንያ በመቶ በላይ እንደሚቀንስላቸውም ታረጋግጣለች። እኒህ እናት ወረቀቷን ከመቀነታቸው ፈትተው እያሳዩኝ፣ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ከዓመቱ የሚበዛውን ቀን የምጾም ሰው ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ልተው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በቂ መልስ አልነበረኝም። በባዕድ አገር የተገኘ የጥናት ውጤት በእኛ ገበታ ላይ ሳይፈተን ወደ ምክርነት ሲለወጥ የሚፈጠረውን ክፍተት ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ አባባል አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ለወረቀቷ መነሻ የሆነ የሚመስለውን ጥናት በጥንቃቄ አንብቦ፣ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ለይቶ፣ በአገራችን የአመጋገብ ሥርዓት ፊት ሲቆም ምን ያህል እንደሚጸና ለመመርመር ይሞክራል። ዓላማው የምግብን ድርሻ ማናናቅ አይደለም፤ ምግብ በሕክምናና በመደመጥ ምትክ እንዳይሰጥ ለማሳሰብ ነው።

ወላፈኑ ከየት ይመጣል?

አንዲት ሴት የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ከቀረ አርጣለች ይባላል። ቃሉ በዕለት ተዕለት አነጋገራችን የዘለፋ ቃና ስላለው ብዙ እናቶች በአንደበታቸው አያነሡትም፤ በዙሪያው መናገርን ይመርጣሉ። ከማረጥ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ጀምሮ የኤስትሮጅን መጠን ሲዋዥቅና ሲቀንስ፣ በአንጎል ሥር በሚገኘው ሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉ የተወሰኑ የነርቭ ሕዋሳት ከልክ በላይ ይነቃሉ። በዚህም የተነሣ ሰውነት ሳያልበውና ሳይንቀጠቀጥ ሊታገሠው የሚችለው የሙቀት ክልል ይጠባል። ጥቂት ሙቀት በተጨመረ ቁጥር አንጎል ሰውነት እንደጋለ ቆጥሮ የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ላብም ያፈስሳል። እነዚህን ሕዋሳት የሚያነቃውን ኒውሮኪኒን ቢ የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ የሚያግደው ፌዞሊኔታንት የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በአሜሪካ መፈቀዱ ይህን አረዳድ የሚያጠናክር ነው።

ችግሩ የጥቂት ቀናት አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ምልክቱ ከሚደጋገምባቸው ሴቶች መካከል ግማሾቹ ከ7.4 ዓመት በላይ ከእርሱ ጋር ይኖራሉ። ስለሆነም «ታገሺው፣ ያልፋል» የሚለው የተለመደ ማጽናኛ ሰባት ዓመት እንቅልፍ ማጣትን እንደ ቀላል ነገር መቁጠር ይሆናል።

ምግብ ተስፋ የሆነው እንዴት ነው?

የሆርሞን ሕክምና ለወላፈኑ እጅግ ውጤታማው መድኃኒት መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት የኤስትሮጅንና የፕሮጀስቲን ጥናት በጡት ካንሰርና በልብ ሕመም ሥጋት ምክንያት ከጊዜው በፊት ሲቋረጥ፣ ሐኪሞችም ታካሚዎችም ከሆርሞን ሸሹ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ገደማ እንደነበረና ውጤቱ ገና በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ላሉ ሴቶች በቀጥታ እንደማይሠራ በሰፊው የታወቀው ቆይቶ ነው። በዚያ መካከል ዐይን ሁሉ ወደ ምግብ፣ በተለይም ወደ አኩሪ አተር ዞረ።

ለዚህ መነሻ ከሆኑት አንዱ የጃፓን ሴቶች ጉዳይ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ማርጋሬት ሎክ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው መጽሐፍ የጃፓን ሴቶች ከሰሜን አሜሪካ ሴቶች ይልቅ ስለ ወላፈን በጥቂቱ እንደሚናገሩ አሳየች። ብዙዎች ምክንያቱን አኩሪ አተር ነው አሉ፤ በውስጡ ያለው አይሶፍላቮን ኤስትሮጅንን በጥቂቱ ይመስላልና። ሎክ ራሷ ግን በጃፓንኛ ለዚህ ስሜት ብቻ የተለየ ቃል አለመኖሩንም አስተውላለች። እኛም ብንሆን «ሙቀት ሙቀት አለኝ»፣ «ነደድኩ»፣ «አላበኝ» እንላለን እንጂ ሕዝብ የተስማማበት ቁርጥ ያለ ስም የለንም። ስም የሌለው ሕመም ደግሞ በመጠይቅ ላይ አይመዘገብም፤ በካርድ ላይም «ትኩሳት» ተብሎ ይጻፋል።

ጥናቱ ምን አለ?

ለወረቀቷ ምክር መነሻ የሚመስለው በዋሽንግተን የሚገኘው፣ በዶክተር ኒል ባርናርድ የሚመራው የሐኪሞች ኮሚቴ ያካሄደው ጥናት ነው። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም 38 ሴቶችን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ሙሉ ውጤት ደግሞ 84 ሴቶችን ያካተተ ነው። በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ መካከለኛ ወይም ከባድ ወላፈን የሚሰማቸው ያረጡ ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለ12 ሳምንታት ከእንስሳት ተዋጽኦ ሁሉ ታቅቦ፣ ቅባት ቀንሶ፣ በየቀኑ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ አኩሪ አተር በላ። ሁለተኛው አመጋገቡን ሳይለውጥ ቆየ። በመጨረሻም መካከለኛና ከባድ የሆነው ወላፈን በመጀመሪያው ቡድን በ88 በመቶ፣ በማነጻጸሪያው ቡድን በ34 በመቶ ቀነሰ።

ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ተሳታፊዎቹ በዕጣ መመደባቸው፣ ማነጻጸሪያ ቡድን መኖሩ፣ ዋጋው ውድ ያልሆነ ምግብ መፈተኑ የጥናቱ ጥንካሬዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዙር በመጸው ተጀምሮ ወደ ብርዱ ወራት መዝለቁ «የቀነሰው ወላፈን በአየሩ መቀዝቀዝ እንዳይሆን» የሚል ጥርጣሬ አስነሥቶ ነበር፤ አጥኚዎቹ ሁለተኛውን ዙር በፀደይ መጀመራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ጥናቱ ሲመዘን

ይሁን እንጂ አራት ነጥቦች ሳይነሡ ሊታለፉ አይገባም።

አንደኛ፣ ሦስት ለውጦች በአንድነት ተደርገዋል፤ የእንስሳት ተዋጽኦ መተው፣ ቅባት መቀነስና አኩሪ አተር መብላት። ውጤቱ የየትኛው እንደሆነ ከጥናቱ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አኩሪ አተሩንና የቅባቱን ጉዳይ ጥሎ «ሥጋና ቅቤ ተዉ» የሚል ወረቀት መጻፍ ጥናቱ ያላለውን ማስባል ነው።

ሁለተኛ፣ ምግብ እንደ ክኒን አይሸፈንም። ተሳታፊዋ ምን እየበላች እንደሆነ ታውቃለች፤ ወላፈኑንም የምትቆጥረው ራሷ ናት። የማስመሰያ ክኒን ኃይል በዚህ ሕመም ላይ ምን ያህል ከፍተኛ እንደሆነ ደግሞ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውና 24 የሆርሞን ሙከራዎችን ያጠናቀረው የኮክሬን ግምገማ፣ ማስመሰያ ክኒን ብቻ በወሰዱ ሴቶች ዘንድ ወላፈኑ በ57.7 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በባርናርድ ጥናትም ምንም ያልለወጠው ቡድን በ34 በመቶ ተሽሎታል። እንግዲህ የጥናቱ ፍሬ በ88ና በ34 መካከል ያለው ልዩነት እንጂ 88 ራሱ አይደለም። ያም ልዩነት ቢሆን ተስፋ ያሳደረውንና ምግቡ ያመጣውን ለይቶ አያሳይም።

ሦስተኛ፣ አመጋገባቸውን የለወጡት ሴቶች በአማካይ ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ ከስተዋል። ክብደት መቀነስ ብቻውን ወላፈንን ሊያስታግሥ እንደሚችል የሚጠቁም ሌላ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና ሆርሞን የማይወስዱ ከ17,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት፣ ቅባት ቀንሰው አትክልትና ፍራፍሬ ከጨመሩት መካከል 4.5 ኪሎ ገደማ ወይም ከክብደታቸው አንድ አሥረኛውን የቀነሱት ሴቶች በዓመቱ ከወላፈኑ የመገላገል ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

አራተኛ፣ 84 ሴቶችና 12 ሳምንታት፣ ዓመታት ለሚዘልቅ ችግር ጥቂት ናቸው። ጥናቱን ያካሄደው ተቋምም የዕፅዋት አመጋገብን በማስፋፋት የታወቀ ነው። ይህ ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን በሌላ እጅ እንዲደገም ግድ ይላል።

ስለ አኩሪ አተር ያለው ሌላ መረጃ መጠነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ የአኩሪ አተር አይሶፍላቮን ከማስመሰያው ይልቅ የወላፈኑን ብዛት በ21 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ሲያመለክት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 43 ሙከራዎችን መርምሮ አስተማማኝ ማስረጃ አለመኖሩን ደምድሟል። የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ አኩሪ አተርንም ሆነ የአመጋገብ ለውጥን ለወላፈን ሕክምና አልመከረም፤ ክብደት መቀነስን ግን ጠንካራ ባልሆነ ማስረጃም ቢሆን ከሚመከሩት መድቦታል።

የእኛ ገበታ ምን ይላል?

አሁን ወደ ታካሚዋ ጥያቄ እንመለስ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን የሚጾሟቸው ቀናት በዓመት 180 ገደማ ሲሆኑ፣ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቁ ሰዎች እስከ 250 ቀናት ይደርሳሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ዋሽንግተን ውስጥ ለ12 ሳምንታት እንደ አዲስ ነገር የተሞከረው መታቀብ፣ ለእኒህ እናት ከልጅነት ጀምሮ የኖሩበት ሕይወት ነው።

ይሁንና የጾም ገበታችን የጥናቱ ገበታ አይደለም። የእኛ ሽሮ ከሽምብራ፣ ከአተርና ከባቄላ ይዘጋጃል፤ ወጣችንም የምስር ነው። እነዚህ ጥራጥሬዎች በፕሮቲንና በአሰር የበለጸጉ ቢሆኑም በአይሶፍላቮን ይዘታቸው ከአኩሪ አተር ጋር አይወዳደሩም። አኩሪ አተር የከተማው ሰው የሚያውቀው በአመዛኙ ከፋፋ ዱቄትና በጾም ወራት ካፌዎች ከሚያቀርቡት የጾም ማኪያቶ ነው፤ የዕለት ምግብ ግን አልሆነም። በሌላ በኩል የጾም ወጥ በዘይት ይቁላላል፤ ስለሆነም ቅባቱ ዝቅተኛ ነው ለማለት አያስደፍርም። በዚያ ላይ የጾም ሰዓት አለ፤ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀመስ ተቆይቶ በአንድ ጊዜ መብላት ዋሽንግተን ውስጥ ያልተፈተነ ነገር ነው።

ከእንስሳት ተዋጽኦ መታቀብ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ፣ ጿሚ እናቶቻችን ስለ ወላፈን ባላማረሩ ነበር። ነገር ግን ያማርራሉ። በዚሁ ከተማ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ወላፈን ሴቶቹ ከተናገሯቸው ዋና ዋና የማረጥ ምልክቶች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጿሚዋ ሴት ወላፈን ስላላት ጾሙ አልጠቀማትም ማለት አይቻልም፤ ባትጾም ኖሮ ምናልባት ይብስባት ነበር። ባርናርድን የተቸንበትን ሚዛን ለራሳችን ግምት ስንል ልንጥለው አይገባም።

ደግነቱ፣ ይህን ለመመርመር የሚያስችል መሣሪያ በእጃችን አለ። ዓቢይ ጾም 55 ቀናት ነው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ናቸው። አንዲት ሴት በሁለቱም ወቅቶች በየቀኑ ወላፈኗን ብትመዘግብ የራሷ ማነጻጸሪያ ትሆናለች። በአዲስ አበባ ጾሙ የሚውለው በሞቃቶቹ ወራት መሆኑ፣ የቡና ሰዓትና የእንቅልፍ መለዋወጥ፣ የክብደት ለውጥም መመዝገብ ይኖርባቸዋል። በዚያው ቀበሌ የሚኖሩ፣ ይህን ጾም የማይጾሙ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት እናቶች አብረው ቢመዘገቡ የወቅቱን ተጽዕኖ ከምግቡ ለመለየት ይረዳሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ካላንደር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ይህ ጸሐፊ የሙያ ባልደረቦቹ በተለይም ወጣት ተመራማሪዎች ጉዳዩን እንዲያነሡት ይማጸናል።

ተልባ፣ ቡናና በርበሬ

በኃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያም ሆነ በየሰፈሩ ጉሊት ስለ ወላፈን ከሚሰጡ ምክሮች መካከል ተልባ አንዱ ነው። ምክሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ ተልባ ሊግናን በተባሉ ኤስትሮጅን መሰል ንጥረ ነገሮች የበለጸገ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 188 ሴቶች ለስድስት ሳምንታት በየቀኑ 410 ሚሊግራም የተልባ ሊግናን ያለበት ምግብ ወይም ማስመሰያውን በልተው፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። ከሁለቱም ቡድን ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ምልክታቸው በግማሽ ቀንሶላቸዋል፤ ማስመሰያውን የበሉትም ጭምር። ተልባ ለሆድ ድርቀት የታወቀ ጥቅም ያለው ምግብ ስለሆነ የሚጠጡ እናቶች ይጠጡት፤ ለወላፈን መድኃኒት ነው ብለን ግን አንስጥ።

ቡናን በተመለከተ፣ በሜዮ ክሊኒክ 1,806 ሴቶችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ካፌይን ባረጡ ሴቶች ዘንድ ከበረታ ወላፈን ጋር ተያይዞ መገኘቱን ዘግቧል። ግንኙነት ማለት ምክንያት ማለት አይደለም። ደግሞም ቡና በእኛ አገር መጠጥ ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ማኅበር ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ መቀመጥን የተከለከለች እናት የምታጣው ካፌይን ብቻ አይደለም። ተገቢው ምክር የማታውን ቡና ለሁለት ሳምንታት አስቀርታ ልዩነቱን ራሷ እንድትመዘግብ ማድረግ ነው። ስለ በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ስለ አረቄና ጠጅም እንዲሁ። የሚያቃጥል ምግብ ማንንም ሊያስልብ ይችላል፤ ለሁሉም ሴት በጅምላ መከልከል ግን በማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

ምግብ በማረጥ ዕድሜ የሚያስፈልገው በሌላም ምክንያት ነው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፤ የልብ ሕመም ሥጋትም ይጨምራል። ስለሆነም ካልሲየም፣ ፕሮቲንና አትክልት ያለበት ገበታ ወላፈኑን አጠፋም አላጠፋም ይመከራል። ክብደታቸው የበዛ እናቶች ቢቀንሱ ይጠቀማሉ። ቀጭኗን እናት ግን ወተትና እንቁላል ተዪ ማለት ለወላፈኗ ያልተረጋገጠ ጥቅም ስንፈልግ አጥንቷን መጉዳት ይሆናል።

ከምግብ በፊት መደመጥ

የወረቀቷ ትልቁ ጉድለት የተሳሳተ ቁጥር መጥቀሷ አይደለም። ውይይቱን መዝጋቷ ነው። የሌሊት ላብ በአገራችን ሲነሣ የሳንባ ነቀርሳ መታሰብ አለበት፤ የታይሮይድ ዕጢ መብዛትም እንዲሁ። በሌላ በኩል አንድ የዊዳል ምርመራ ብቻ አይቶ «ታይፎይድ» ማለት፣ ዕድሜዋንና የወር አበባዋን ሳይጠይቁ ፀረ ተዋሕስያን ማዘዝ፣ እናቲቱን ሁለት ጊዜ ይጎዳታል፤ ያልያዛትን በሽታ ታክማለች፣ የያዛት ሳይሰማላት ይቀራል።

ምርመራው ማረጥን ካመለከተ ሕክምና አለ። ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ለሌላቸው ሴቶች የሆርሞን ሕክምና ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ ያመዝናል፤ ማኅፀን ላላቸው ፕሮጀስቲን አብሮ ይሰጣል። ሆርሞን ለማይስማማቸው እንደ ቬንላፋክሲንና ጋባፔንቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። የሐኪሙ ድርሻ እነዚህን አማራጮች በአማርኛ፣ ሳይቸኩል፣ ታካሚዋ በሚገባት መንገድ ማስረዳት ነው።

ማጠቃለያ

ለእኒህ እናት «ከዚህ በላይ የሚተዉት የለም» አልኳቸው። የሳንባ ነቀርሳና የታይሮይድ ምርመራቸው ንጹሕ ሆነ። ክብደታቸው መጠነኛ ስለነበር እንዲከሱ አልመከርኳቸውም። ልጃቸው በግድግዳ ካላንደር ላይ ለእያንዳንዱ ወላፈን አንዲት ነጥብ እንድታኖር ተስማማን። ስለ ሆርሞን ሕክምና በዝርዝር ከተነጋገርን በኋላ ፈቀዱ፤ ነገር ግን በጾም ሰዓት ክኒን እንዴት እንደሚውጡ ተጨነቁ። በቀን አንድ ጊዜ ማታ ከእህል በኋላ መውሰድ እንደሚቻል ስነግራቸው ጭንቀታቸው ተገፈፈ። ይህን ያልጠየቀ ሐኪም መድኃኒቱ ከመሳቢያ ሳይወጣ መቅረቱን ፈጽሞ አያውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ ካላንደሩን ይዘው ተመለሱ። ነጥቦቹ አልጠፉም፤ ነገር ግን ሳስተዋል። ጾሙ በመካከል ተፈቶ ስለነበር መሳሳቱ የመድኃኒቱ ይሁን የወቅቱ ወይም የመደመጡ፣ ከአንዲት ካላንደር መናገር አልችልም። እኒህ እናት ግን ሌሊቱን ተኝተው እንደሚያነጉ ነገሩኝ። ወረቀቷ ከዚያ ወዲህ በመቀነታቸው አልነበረችም።

የባርናርድ ጥናት አኩሪ አተርን፣ ቅባት መቀነስንና የዕፅዋት ምግብን በአንድነት ላጣመረ ገበታ ተስፋ ሰጪ መነሻ ነው፤ ለጿሚዋ እናት የሚሰጥ የሐኪም ትእዛዝ ግን አይደለም። ምግብ ለማረጥ ዕድሜ ጥሩ ባልንጀራ ነው። በምርመራና በሕክምና ስፍራ ከተተካ ግን ያው ባልንጀራ ማሰናበቻ ይሆናል። እናቶቻችን «ምን ልተው?» ብለው ሲጠይቁን፣ አስቀድመን ምን እንዳጡ እንጠይቃቸው።